ሳሙና ከሱቅ የሚጠፋው ለምንድን ነው?
በክፉ ቀን ስለሚደርስ የቤት ዕቃ እጥረትና ስለ መከላከያው የቀረበ ትምህርት

እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ ከብዙ በሽታ እንደሚያድን መምህራን በየክፍላቸው፥ ወላጆችም በየቤታቸው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ነገር ግን ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፥ ይኸውም ሳሙና ከምንጊዜውም ይልቅ በሚያስፈልግበት ሰዓት፥ ሳሙናው ከሱቅ ቢጠፋ የተማርነው ትምህርት ምን ይጠቅመናል? መታጠብ እንደሚገባው እያወቀ የሚታጠብበትን ያጣ ሰው፥ ትምህርቱን ጨርሶ ካልሰማው ሰው የሚሻልበት ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በክፉ ቀን የቤት ዕቃ ከሱቅ የሚጠፋበትን ምክንያት፥ መጥፋቱም በጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፥ መከላከያውንም በየተራ እንመለከታለን።

ይህ ጥያቄ ሲነሣ ብዙ ሰው ፈጥኖ ይመልሳል። ግማሹ «ነጋዴ ደብቆት ነው» ይላል፤ ግማሹም «ስግብግብ ሰው እየጫነ ወስዶት ነው» ይላል። ሁለቱም አልፎ አልፎ እውነት ይሆናሉ። ዋናው ምክንያት ግን ከሁለቱም የተለየ፥ ለእያንዳንዳችንም የቀረበ ነው። ይኸውም ብዙ ጨዋ ሰዎች፥ እያንዳንዳቸው ጥቂት ብቻ ጨምረው፥ ሁሉም በአንድ ቀን መግዛታቸው ነው። ይህን የምለው ሰውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም ራሴ ከነዚህ ሰዎች አንዱ ስለ ነበርሁ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. በማርች ወር በእንግሊዝ አገር የጤና አጠባበቅ ትምህርት እከታተል ነበር። የኮሮና በሽታ በዚያ አገር መስፋፋት በጀመረበት ሰሞን፥ አንድ ቀን ማታ አንድ ሳሙና ልገዛ ከመኖሪያዬ አጠገብ ወዳለ ሱቅ ገባሁ። በመደርደሪያው ላይ የቀረው ሳሙና ጥቂት ነበር። በቤቴ ገና ግማሹ እንኳ ያላለቀ ሳሙና እንዳለኝ ዐውቃለሁ። ነገር ግን «ነገ ባይገኝስ» አልሁና አራት አንሥቼ ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን ከታች ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ደጄን አንኳኩተው፥ ከበሩም ራቅ ብለው ቆመው፥ ሳሙና ይኖረኝ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። በከዘራ እየተደገፉ ወደ ሦስት ሱቅ ሄደው፥ በሦስቱም የደረሱት መደርደሪያው ባዶ ከሆነ በኋላ ነበር። ሁለት ሳሙና ሰጠኋቸውና በሩን ዘጋሁ። የቀሩልኝ ሁለቱም ከአንድ ወር በላይ አገለገሉኝ። ያን አራት ሳሙና የወሰድሁት ከባለሱቁ እጅ ይመስለኝ ነበር፤ ከኒያ አሮጊት እጅ የወሰድሁት መሆኑ ግን ያን ጊዜ ገባኝ።

በዚያው ወር ካንታር የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት የእንግሊዝን አገር ገዢዎች መርምሮ ነበር። ፈሳሽ የእጅ ሳሙና ከገዙት ሰዎች መካከል ከመጠን ያለፈ ብዛት የወሰዱት ከ100 ሰው 6ቱ ብቻ፥ ደረቅ ፓስታ ከገዙትም ከ100 ሰው 3ቱ ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀረው ሕዝብ ያደረገው ነገር ቢኖር በቅርጫቱ ላይ ጥቂት መጨመርና ወደ ገበያ ከወትሮው ይልቅ ደጋግሞ መውጣት ነው። መደርደሪያው ግን ባዶ ሆነ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ እንመልከት።

1ኛ፤ ባለሱቅ የሚይዘው ለደኅና ቀን የሚበቃውን ብቻ ነው

ሱቅ ጐተራ አይደለም። ገበሬ ከመኸር እስከ መኸር የሚበቃውን እህል በጐተራ ያኖራል፤ ባለሱቅ ግን ዕቃውን የሚያመጣው ሊሸጠው እንጂ ሊያኖረው አይደለም። በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሳሙና የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ቦታም ይይዛል። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ደንበኞቹ በሳምንት የሚወስዱትን ከልምድ ዐውቆ፥ ያንኑ ያህልና ጥቂት መጠባበቂያ ብቻ ያስመጣል። በትልልቅ አገሮች ያሉ ሰፋፊ መደብሮችም የሚሠሩት በዚሁ ልማድ ነው። በተለይ ሶፍት እያልን የምንጠራው የመጸዳጃ ቤት ወረቀት ብዙ ቦታ የሚፈጅ፥ ዋጋው ግን ዝቅተኛ ስለሆነ በጥቂቱ ብቻ ይቀመጣል፤ ጥቂት ሰዎች ጥቂት ጥቅል ሲያነሡም ቦታው ወዲያው ባዶ ሆኖ ይታያል።

ነገሩን በቁጥር ለማስረዳት አንድ የሰፈር ሱቅ እናስብ። የዚህ ሱቅ ደንበኞች 350 ቤተ ሰቦች ናቸው እንበል። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ሳሙና ይገዛል፤ አንዱ ሰኞ፥ አንዱ ማክሰኞ፥ አንዱም ቅዳሜ እየመጣ በየቀኑ 50 ሳሙና ይሸጣል። ባለሱቁም ሰኞ ማለዳ 350 ሳሙና ያስመጣል፤ 50 ደግሞ ለመጠባበቂያ ስላለው በጠቅላላው 400 ሳሙና ይኖረዋል። ሱቁ በዚህ ሁኔታ ለብዙ ዓመት ሲሠራ ሳሙና ጐድሎበት አያውቅም።

አሁን እሑድ ማታ «ወረርሽኝ ገብቷል፤ እጃችሁን ታጠቡ» የሚል ማስታወቂያ በራዲዮ ተነገረ እንበል። ሰኞ 350ው ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ ቀን መጣ፤ እያንዳንዱም በአንድ ፈንታ ሁለት ሳሙና ገዛ። የተፈለገው 700፥ ያለው ግን 400 ነው። ስለዚህ 200 ቤተ ሰብ ሁለት ሁለት ይዞ ሲሄድ 150 ቤተ ሰብ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እስከሚቀጥለውም ሰኞ በዚያ ሱቅ ሳሙና አይኖርም። ከገዢዎቹ መካከል ስግብግብ የሚባል አንድ ሰው አልተገኘም፤ ሁለት ሳሙና መግዛትም ነውር አይደለም። ደግሞ በዚያው ቀን ሁሉም መጥቶ እንደ ወትሮው አንድ አንድ ብቻ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ፥ 350 ቤት ሁሉ ሳሙና አግኝቶ 50 በተረፈ ነበር። እንግዲህ የ150 ቤትን እጅ ያለ ሳሙና ያስቀረው በያንዳንዱ ሰው ላይ የተጨመረው አንድ ሳሙና ብቻ ነው።

2ኛ፤ ባዶ መደርደሪያ ራሱ ወሬ ነው

ሰው በማይታወቅ አደጋ ፊት ሲቆም የጐረቤቱን ሥራ ይመለከታል። ጐረቤቱ ሲገዛ ካየ እርሱም ይገዛል፤ ባዶ መደርደሪያ ካየ ደግሞ ይልቁን ይደነግጣል። በዚህ ጊዜ «ሳሙና ሊጠፋ ነው» የሚለው ወሬ ሲነሣ ሐሰት ቢሆን እንኳ፥ ሰው ስላመነው ብቻ እውነት ይሆናል። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ሮበርት መርተን በ1948 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ ይህን ነገር በባንክ ምሳሌ አስረድቶታል፤ ደኅና የነበረ ባንክ «ሊከስር ነው» ተብሎ ቢወራበትና ገንዘብ ያስቀመጡት ሁሉ በአንድ ቀን ገንዘባቸውን ቢጠይቁ ባንኩ በእውነት ይከስራል። ሱቅም እንደዚሁ ነው።

በ1973 እ.ኤ.አ. የዐረብ አገሮች ነዳጅ በመከልከላቸው በዓለም ላይ የዘይት ችግር ተነሥቶ ነበር። በጃፓን አገር በኦሳካ ከተማ አጠገብ ሴንሪ በሚባለው አዲስ መንደር የመጸዳጃ ወረቀት ያልቃል ተብሎ ስለ ተወራ ብዙ ሰዎች በመደብር ደጅ ተሰለፉ። ጋዜጦች ይህንን ሲገልጡ ግርግሩ ወደ ሌሎችም ከተሞች ተዛመተ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በአሜሪካ አገር ጆኒ ካርሰን የተባለ የቴሌቪዥን ሰው ስለዚሁ ወረቀት እጥረት ቀልድ ቢናገር ብዙ ሰው እውነት መስሎት ወደ ገበያ ሮጠ። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጃፓን «ወረቀቱ የሚመጣው ከቻይና ስለሆነ ይቋረጣል» የሚል ወሬ ተነሣ። ከሚያስፈልገው ወረቀት ከ100 98 እጁ በዚያው በጃፓን የሚሠራ መሆኑን የፋብሪካዎቹ ማኅበር ቢያስታውቅም መደርደሪያው ከመራቆት አልዳነም። ብዙው ሰው ወሬው ሐሰት መሆኑን ቢያውቅም «ሌላው ሰው አምኖ ይገዛብኛል» ብሎ ይገዛ ነበርና።

ወሬው ስለ መድኃኒትነት ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። በማርች 2011 እ.ኤ.አ. በጃፓን የፉኩሺማ የአቶም ኃይል ጣቢያ አደጋ በደረሰ ጊዜ፥ አዮዲን ያለበት ጨው ከጨረር ያድናል የሚል ወሬ በቻይና ተሰማና ጨው ከብዙ ከተሞች ሱቆች ጠፋ። በጨው ውስጥ ያለው አዮዲን ግን ለዚህ ጉዳይ ከቁጥር የማይገባ ጥቂት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በናይጄሪያ የጨው ውኃ መጠጣት ከኢቦላ ያድናል ተብሎ በመወራቱ ጨዋማ ውኃ ጠጥተው የሞቱ ሰዎች ነበሩ። በአገራችንም የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገለጥ፥ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና የእጅ ማጽጃ አልኮል ብቻ ሳይሆኑ ሎሚና ነጭ ሽንኩርትም ተወደዱ። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ለምግብ መልካም ናቸው፤ ኮሮናን ግን አይከላከሉም።

3ኛ፤ ፋብሪካው ቶሎ ሊደርስ አይችልም

«ሳሙና ከተፈለገ ፋብሪካው ለምን አይጨምርም?» የሚል ሰው ይኖራል። ፋብሪካ ብዙውን ጊዜ መሣሪያው በሚችለው መጠን የሚሠራ ስለሆነ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሊያደርግ አይችልም። ሳሙና የሚሠራበት ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ ከሩቅ አገር ታዝዞ፥ በመርከብ ተጭኖ፥ ወደ አገራችን ሲሆንም በብዛት በጅቡቲ ወደብ በኩል አልፎ የሚመጣ ነው። ዛሬ የታዘዘው የሚደርሰው ከሳምንታት በኋላ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። በቡሄ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ተመልከቱ፤ በእጃቸው የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ትንሽ ነው፤ በጅራፉ ጫፍ ያለው ግን ኃይለኛ ነው። ንግድም እንዲሁ ነው። በሳምንት 350 ሳሙና ያዝዝ የነበረው ባለሱቅ ሰኞ የሆነውን አይቶ 700 ያዝዛል። ከሃያ ሱቆች እንዲህ ያለ ትእዛዝ የደረሰው ጅምላ ነጋዴ በ7,000 ፈንታ 14,000 ይጠየቃል፤ እርሱም እንዳይጐድልበት ሰግቶ ከፋብሪካው 20,000 ያዝዛል። ፋብሪካው ሕዝቡ በሳምንት ሦስት እጥፍ ያህል ሳሙና የሚጨርስ መስሎት ዘይትና ሶዳ ያስመጣል። ያ ሁሉ ሳሙና ተሠርቶ በደረሰ ጊዜ ግን በየቤቱ ሳሙና ስላለ ገዢ ይጠፋል፤ ነጋዴው ይከስራል፤ በሚቀጥለውም ችግር ለማዘዝ ይፈራል። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህንኑ በሕፃናት ዳይፐር ንግዱ አስተውሎታል፤ ሕፃናት በየቀኑ የሚያስፈልጋቸው መጠን ያው ሆኖ ሳለ፥ ወደ ፋብሪካው የሚደርሰው ትእዛዝ ግን አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ ይል ነበር። ሊቃውንቱም ይህን ነገር በጅራፍ መስለው ጠርተውታል።

4ኛ፤ በእውነት የሚጐድልበትም ጊዜ አለ

እጥረት ሁሉ ከድንጋጤ የመጣ ነው ማለት ስሕተት ነው። ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ሲዘጋ፥ በዚያ ይፈጽም የነበረው የሳሙናና የወረቀት አገልግሎት ወደ መኖሪያ ቤት ይዛወራል፤ ስለዚህ የቤቱ ፍላጎት በእውነት ይጨምራል። የሕክምና ዕቃም እንዲሁ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በማርች 3 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በሰጠው መግለጫ፥ ለኮሮና ሕክምና በየወሩ 89 ሚሊዮን የሕክምና መሸፈኛና 76 ሚሊዮን ጓንት እንደሚያስፈልግ ገምቶ፥ ፋብሪካዎች ሥራቸውን በ100 40 እጅ እንዲጨምሩ ጠይቆ ነበር። ችግሩ ከተነሣ ወዲህም የቀዶ ሕክምና መሸፈኛ ዋጋ ስድስት እጥፍ መድረሱን አስታውቆ፥ በድንጋጤ መግዛትና ማከማቸት የሐኪሞችንና የነርሶችን ሕይወት አደጋ ላይ መጣሉን አስጠንቅቋል። በእውነት በሚጐድልበት ጊዜ፥ በድንጋጤ መግዛት በእሳት ላይ ጋዝ እንደ ማርከፍከፍ ነው።

እጥረቱ በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በምሳሌያችን ባዶ እጃቸውን የተመለሱት 150 ቤተ ሰቦች እነማን ናቸው? ሰኞ ጧት በእጁ ገንዘብ ያለው ሰው ከነዚህ ውስጥ አይገኝም። በቀን ሥራ የሚተዳደርና ሳሙና የሚገዛው የዕለት ደመወዙን ሲቀበል የሆነ፥ በሥራው ምክንያት ሱቅ የሚደርሰው ማታ የሆነ፥ አሮጊት፥ ሽማግሌ፥ በሽተኛም የሚያስታምም ሰው ነው። ይህ ሰው በአንድ ግቢ ከሌሎች ጋር በአንድ መጸዳጃ ቤትና በአንድ የውኃ ቧንቧ የሚጠቀም ነው። ተቅማጥና ኮሌራ ግን በቤቱ ሃያ ሳሙና ያለውንና ምንም የሌለውን ለይቶ አይመታም፤ ጐረቤት ካልታጠበ ሳሙና ያከማቸውም ሰው ከአደጋው አይድንም። ስለዚህ ሳሙናን ማከማቸት ኃጢአት መሆኑ ቢቀር እንኳ ሞኝነት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት በጤና ሠራተኞች ላይ የሚደርሰው ነው። በማርች 2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ረጅም ተረኝነት ጨርሳ ወደ ገበያ የወጣች አንዲት ነርስ፥ አትክልትና ፍራፍሬ እንኳ አጥታ በመኪናዋ ውስጥ እያለቀሰች ሕዝቡ ማከማቸቱን እንዲተው ለምናለች። በሽተኛን የሚያስታምም ሰው ሱቅ የሚደርሰው ሁልጊዜ ከሌላው በኋላ ነውና።

ሦስተኛው ጉዳት ሐሰተኛ ዕቃ ነው። እውነተኛው ሲጠፋ ሐሰተኛው ቦታውን ይይዛል። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፥ ሜታኖል የተባለ መርዛም አልኮል የተገኘባቸውን የእጅ ማጽጃዎች ሕዝቡ እንዳይጠቀም አስጠንቅቋል። በኢራንም በዚያው ዓመት አልኮል ከኮሮና ያድናል በሚል ወሬ ሜታኖል ጠጥተው በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ሞተዋል።

አራተኛው ጉዳት የሚደርሰው በራሱ በአከማቹ ቤት ነው። በረኪና በብዛት ገዝቶ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ እየገለበጠ ማስቀመጥ ልጆችን ለሞት የሚያደርስ ሥራ ነው፤ ሕፃን ልጅ ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አያውቅም። የእጅ ማጽጃ አልኮልም እሳት የሚይዝ ስለሆነ ከምድጃ አጠገብ ማኖር አይገባም።

ምን ማድረግ ይገባል?

አንደኛ፤ በደኅና ቀን ጥቂት በጥቂት ማስቀመጥ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ጥንቃቄ የሚያምረው አስቀድሞ ሲሆን ነው። ገበያው ጸጥ ባለበት ወራት፥ የቻለ ሰው በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሳሙና እየጨመረ የአንድ ወር ስንቅ ቢያኖር ሱቁ አይጐዳም፤ ባለሱቁም ፍላጎቱ ማደጉን ዐውቆ በቀስታ ይጨምራል። ያው ሳሙና በደኅና ቀን ሲገዛ ጥንቃቄ፥ በክፉ ቀን ሲገዛ ግን ሽሚያ ይሆናል። አስቀድሞ ያኖረ ሰውም ማስታወቂያው በተነገረ ዕለት ከሰልፍ ቀርቶ፥ ማኖር ላልቻለው ጐረቤቱ ቦታውን መልቀቅ ይገባዋል። የስንቁ ዋና ጥቅም ይህ ነው።

ሁለተኛ፤ ችግሩ ከመጣ በኋላ እንደ ወትሮው መግዛት። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ይሂድ፤ የለመደውንም ያህል ብቻ ይግዛ።

ሦስተኛ፤ ያለውን መቈጠብ። ሳሙና በውኃ ውስጥ ተነክሮ ከተቀመጠ በከንቱ ይሟሟል፤ ውኃው በሚወርድበት ቀዳዳ ባለው ዕቃ ላይ ቢቀመጥ ግን ዕድሜው ይረዝማል። ጥቂት የዱቄት ሳሙና በላስቲክ ጠርሙስ ውኃ በጥብጦ፥ ክዳኑን በስቶ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ መስቀል ለእጅ መታጠቢያ ይበቃል፤ በጠርሙሱ ላይ ግን ስሙን መጻፍና ሕፃናት እንዳይጠጡት መጠበቅ ያስፈልጋል። በእጅ ላይ አረፋ እስኪወጣ 20 ሰከንድ ያህል እያሹ መታጠብ ጀርሙን ያስወግዳል፤ ሳሙናውን ማብዛት አይደለም። ሳሙና ባለበት ቤት የእጅ ማጽጃ አልኮል ባይገኝ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። የውኃ ማከሚያ መድኃኒትም ቢጠፋ ውኃን አፍልቶ መጠጣት ይቻላል። በሜታኖል አደጋ ምክንያትም አልኮሉን በቤት ለመቀመም መሞከር አይገባም።

አራተኛ፤ በማኅበር ማኖር። ዕድር ለኀዘን ቀን ድንኳንና ሳህን እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፥ ለወረርሽኝ ቀን አንድ ሁለት ካርቶን ሳሙና ቢያስቀምጥ ለአባል በነፍስ ወከፍ የሚደርሰው ወጪ ጥቂት ነው። ጊዜውም እንዳያልፍበት በየዓመቱ ለአባላት እየሸጠ በአዲስ ሊተካው ይችላል።

አምስተኛ፤ የባለሱቆች ድርሻ። አስተዋይ ባለሱቅ ለአንድ ቤት የሚሸጠውን ከመጀመሪያው ቀን ይወስናል፤ ረጅሙን የልብስ ሳሙና ቈርጦ ይሸጣል፤ «ሳሙና የለም» ከማለት ይልቅ «ሰኞ ይመጣል» ብሎ ይጽፋል። ሸቀጥ መደበቅን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ከልክሎታል። ቢሆንም ሱቅ ማሸግ ብቻውን ሳሙና አያስገኝም፤ ምክንያቱ በደላላ ወይም በደባቂ ያልሆነ እጥረት በቅጣት አይድንምና።

ስድስተኛ፤ የሹማምንትና የመምህራን ድርሻ። ሕዝብ የሚረጋጋው «አትደንግጡ» በማለት ሳይሆን እውነቱን በማወቅ ነው። ምን ያህል ዕቃ እንዳለና የሚቀጥለው መቼ እንደሚገባ ቢነገረው ሰው ተራውን ይጠብቃል። ዕቃው በእውነት ሳይኖር «ሞልቷል» የሚል መሥሪያ ቤት ግን፥ በሚቀጥለው ጊዜ እውነት ቢናገርም የሚያምነው አያገኝም። ይህ ማሳሰቢያ እኛንም የጤና ሠራተኞችን የሚመለከት ነው። የባዶ መደርደሪያ ፎቶግራፍም በስልክ ከሰው ወደ ሰው መላላክ ወሬውን ማራባት ነውና መተው ይገባል።

ለክፍል የሚሆን ልምምድ

መምህራን ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ከማስተማር ይልቅ በሽምብራ ቢያሳዩት ተማሪዎች አይረሱትም። 40 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል 48 ፍሬ ሽምብራ በሳህን ይቅረብ። በመጀመሪያ ተማሪዎች በየተራ አንድ አንድ ፍሬ ያንሡ፤ ሁሉም አግኝቶ 8 ይተርፋል። ሽምብራው ወደ ሳህኑ ተመልሶ፥ መምህሩ «ነገ ላይኖር ይችላል፤ የፈለገ ሁለት ሊያነሣ ይችላል» ይበል። ሁሉም ሁለት ሁለት ካነሣ 24 ተማሪዎች ወስደው ሳህኑ ባዶ ይሆናል፤ 16 ተማሪዎችም ምንም አያገኙም። በዚህ ጊዜ መምህሩ ከወሰዱት መካከል ሌባ አለን ብሎ ይጠይቅ። ቀጥሎም ያላገኙት 16 ተማሪዎች የተሰማቸውን ይናገሩ። በመጨረሻም ክፍሉ ራሱ ደንብ እንዲያወጣ ይደረግ። ተማሪዎች በራሳቸው ያወጡትን ደንብ ወደ ቤታቸው ወስደው ለወላጆቻቸው ይነግራሉ።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ያህል ነው። ሃምሳ ሳሙና በአንድ ቤት ቍም ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ለባለቤቱ ሸክም፥ ለሰፈሩም አደጋ ይሆናል፤ በሃምሳ ቤት ቢገኝ ግን ለሰፈሩ ሁሉ ከበሽታ የሚጠብቅ አጥር ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በምሳሌው ሱቅ እያንዳንዱ ቤት ሦስት ሳሙና ቢገዛ ስንት ቤተ ሰብ ባዶ እጁን ይመለሳል?
2. ሐሰተኛ ወሬ እውነት የሚሆንበትን መንገድ በራስህ ምሳሌ አስረዳ።
3. በደኅና ቀን አንድ ሳሙና መጨመርና በክፉ ቀን አንድ ሳሙና መጨመር በምን ይለያያሉ?
4. በሰፈርህ ሳሙና ቢጠፋ መጀመሪያ የሚቸገሩት እነማን ናቸው? ቤታቸውንስ ታውቀዋለህን?